የአባት ጠመንጃ፦ የመዓዛ መንግስቴ ረጅምና አጫጭር ልቦለዶች

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ቀስ እያለ ዝቅ ይላል)

የሥነ ጽሑፍ ሰዓታችን ነው። ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንዲት ደራሲና ስለ አንድ ጠመንጃ ነው። ደራሲዋ መዓዛ መንግስቴ ናት። ጠመንጃው ደግሞ ውጅግራ ነው፤ ከፈረንሳይ የመጣው፣ በአንድ ጊዜ አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርሰው፣ አባቶች አድዋ ላይ የተኮሱበት፣ ጣሊያን ዳግመኛ ሲመጣም ልጆቻቸው ከተሰቀለበት አውርደው የወለወሉት ጠመንጃ።

መዓዛ «ዘ ሻዶው ኪንግ» የሚል ርእስ ሰጥታ በእንግሊዝኛ የጻፈችው ረጅም ልቦለድ የታተመው በ2019 እ.ኤ.አ. ነው። እኛ ለዛሬው ጨዋታችን «የጥላው ንጉሥ» እንበለው። በቀጣዩ ዓመት ለቡከር ሽልማት ከቀረቡት 6 የመጨረሻ ዕጩዎች አንዱ ሆነ። በኢትዮጵያ የተወለደ ደራሲ እዚያ ደረጃ ሲደርስ የመጀመሪያው ነበር። ስለ ሽልማቱ ያኔ ብዙ ተብሏል፤ እኔ አልደግመውም። የምፈልገው ከዚያ በፊት የነበረውን ማንሳት ነው፤ መጽሐፉ ገና መጽሐፍ ሳይባል፣ በደራሲዋ እጅ ላይ እየታሸ፣ እየፈረሰና እየተሠራ የቆየበትን ጊዜ። ልቦለድ መጻፍ የምትፈልጉ ወጣቶች እንደምታዳምጡን አውቃለሁና ይህን በተለይ ለእናንተ ነው የማወራው።

በመጀመሪያ ታሪኩን ላላነበባችሁት ባጭሩ ላስይዛችሁ።

ሂሩት እናት አባቷን በሞት ያጣች ልጅ ናት። ኪዳኔና አስቴር በሚባሉ ባልና ሚስት ቤት በገረድነት ትኖራለች። የኔ የምትለው ንብረት አንድ ብቻ ነው፤ አባቷ ትተውላት የሞቱት ውጅግራ። ጣሊያን ድንበር ሊሻገር ነው የሚለው ወሬ ሲጠና ኪዳኔ ጦሩን ማሰባሰብ ይጀምራል። ሰው አለው፤ መሣሪያ ግን ያንሰዋል። የሂሩትን ጠመንጃ ያገኘዋል፣ ይወስድባታል። ለእሱ አንድ ተጨማሪ ጠመንጃ ነው። ለእሷ አባቷ ናቸው። ከዚያ በኋላ በመጽሐፉ ውስጥ ስንት ጦርነት ይካሄዳል፣ ስንት ሰው ያልቃል፤ ይህች ልጅ ግን ጠመንጃዬ ይመለስልኝ ማለቷን አትተውም።

አስቴር ደግሞ የጌታ ሚስት ናት፤ እሷም በበኩሏ መዝመት ትፈልጋለች። ሴቶችን ሰብስባ ስትነሳ ባሏ ስንቅ ተሸከሙ፣ ቁስለኛ አንሱ፣ ከኋላ ተከተሉ ይላታል። ስለዚህ ሁለት ጦርነት ጎን ለጎን ይሄዳል። አንደኛው ከጣሊያን ጋር ነው። ሌላው እዚያው ሰፈሩ ውስጥ፣ በአለቃና በገረድ፣ በባልና በሚስት መካከል ነው። ኪዳኔ በጦር ሜዳ ጀግና ነው። ያው ጀግና ሌሊት ሂሩትን ይደፍራታል። ይህን ክፍል ሲያነብ ቅር የሚለው ኢትዮጵያዊ እንደሚኖር ይገባኛል፤ የአርበኞቻችን ስም ለብዙዎቻችን እንደ ታቦት የከበረ ነው። ነገር ግን ደራሲዋ አርበኝነቱን አላሳነሰችም። ያሳየችን አንዲት ልጅ ለሀገሯ ስትዋጋ ሀገሬ ከምትለው ሰው እጅ ምን እንደደረሰባት ነው። እኔ ለመጽሐፉ ያለኝ አክብሮት የጀመረው ከዚያ ገጽ ነው።

ንጉሠ ነገሥቱ ወደ እንግሊዝ ሀገር ከተሰደዱ በኋላ የሠራዊቱ ልብ ይሰበራል። እዚህ ላይ ምንም የሚባል፣ መልኩ ቁርጥ ጃንሆይን የሚመስል ድሃ ሙዚቀኛ ብቅ ይላል። የንጉሥ ልብስ አልብሰው፣ ፈረስ ላይ አስቀምጠው፣ ሕዝቡ ከሩቅ እንዲያየው ከፍታ ላይ ያወጡታል። የጥላው ንጉሥ እሱ ነው። ሂሩትም የዚህ ንጉሥ ጠባቂ ሆና ወታደር ትባላለች።

(አጭር የሙዚቃ መሸጋገሪያ)

አሁን ወደ ጠመንጃው ልመልሳችሁ።

መዓዛ በልቦለዱ ሥራ ብዙ ከገፋች በኋላ ከእናቷ አፍ አንድ ነገር ትሰማለች። የገዛ ቅድመ አያቷ በዚያው ጦርነት ዘምተው ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው። ክተት ሲታወጅ ከየቤቱ የበኩር ልጅ እንዲዘምት ይታዘዛል። በዚያ ቤት የበኩር ልጅ እሳቸው ናቸው። ገና ልጅ ቢሆኑም በዕድሜ ለሚበልጣቸው ሰው ተድረዋል፤ ከባላቸው ጋር ግን ትዳር አልጀመሩም። አባት፣ ሴት ልጅ አትዘምትም ብለው፣ ጠመንጃቸውን ለአማቻቸው ሊሰጡ ያስባሉ። እሳቸው እምቢ አሉ። አባታቸውን ከሰሱ። ዳኝነት ከሚያዩት ሰዎች ፊት ቀርበው የበኩር ልጅ እኔ ነኝ፣ ጠመንጃው ለእኔ ይገባል ብለው ተሟገቱ። ረቱም። ጠመንጃቸውን ተረክበው ዘመቱ።

ሙግት በሀገራችን የሁሉም ሰው ሙያ እንደነበር ታላላቆቻችን ይነግሩናል። በሕግ አምላክ ሲባል መንገደኛው ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ዛፍ ሥር ይቀመጡና ሁለቱም ወገን ይሰማል። አንዲት ልጃገረድ ዘንግ ይዛ አባቷን ልትረታ የቆመችበትን ያን ቦታ እስቲ በዓይነ ሕሊናችሁ ሳሉት። መዓዛ ይህን ታሪክ ስትሰማ ለምን እስከዛሬ አልነገርሽኝም ብላ እናቷን ትጠይቃለች። መቼ ጠየቅሽኝ የሚል ዓይነት መልስ ነው ያገኘችው።

ይህ ለደራሲ ከባድ ነገር ነው። ለዓመታት ቤተ መዛግብት ስታስስ፣ የጣሊያንኛ ሰነድ ስታገላብጥ፣ የምትፈልገው ታሪክ በእናቷ ዘንድ ተቀምጦ ነበር። የደበቀው ሰው የለም፤ የቤት ወሬ ስለሆነ ለመጽሐፍ የሚበቃ አልመሰላቸውም እንጂ። ሴቶች የዘመቱበት ታሪክ ብዙው የተቀመጠው እንደዚህ ነው፤ ጓዳ ውስጥ፣ ቡና ሲፈላ፣ ለለቅሶ በተቀመጡበት።

ወግ ሆኖ የቀረ ብቻም አይደለም፤ በስም የታወቁ አሉ። ወይዘሮ ከበደች ስዩምን እናንሳ። ባላቸው ደጃዝማች አበራ ካሣ ምሕረት ይደረግልዎታል ተብለው እጃቸውን ከሰጡ በኋላ በ1929 ዓ.ም. ፍቼ ላይ ሲገደሉ፣ ወይዘሮ ከበደች ጦሩን እየመሩ ውጊያውን ቀጠሉ። ሸዋረገድ ገድሌ ከአዲስ አበባ ለአርበኞች ወሬና ስንቅ ሲያቀብሉ ተይዘው ስቃይ ተፈጸመባቸው፤ ወደ ጣሊያኗ የአዚናራ ደሴት ተጋዙ፤ ሲመለሱም ትግሉን አልተዉም። እዚያው አዚናራ ታስረው ከነበሩት አንዷ ስንዱ ገብሩ ናቸው፤ ኋላ ላይ ደራሲ፣ የትምህርት ቤት ኃላፊና በፓርላማ የመጀመሪያዋ ሴት የሕዝብ እንደራሴ የሆኑት። እነዚህ የመኳንንት ልጆች ወይም የተማሩ ነበሩና ስማቸው ተጻፈ። ውኃ የቀዳችው፣ ጥይት በመቀነቷ ቋጥራ ያሻገረችው፣ የሞተ ወንድሟን መሣሪያ አንስታ የተኮሰችው ግን ስሟ የት አለ? የመዓዛ ልቦለድ የሚነሳው ከዚህ ጥያቄ ነው።

መዓዛ የተወለደችው አዲስ አበባ ነው። አብዮቱ ከፈነዳ በኋላ፣ የ4 ዓመት ልጅ ገደማ ሳለች፣ ቤተሰቧ ከሀገር ወጣ። ናይጄሪያ፣ ኬንያ፣ ከዚያ አሜሪካ አደገች። የፈጠራ ጽሑፍ የተማረችው ኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ነው። በ2010 እ.ኤ.አ. ያሳተመችው የመጀመሪያ ልቦለዷ ታሪኩ የሚያጠነጥነው በዚያው ልጅነቷን በነጠቃት ዘመን፣ በአብዮቱና በቀይ ሽብር ላይ ነው። ዋናው ገጸ ባሕርይ ኃይሉ የሚባል ሐኪም ነው። በስቃይ ምርመራ የተጎሳቆለች ወጣት ያመጡለትና ከሞት አድናት ይሉታል። ከዳነች መልሰው ወደዚያው ስቃይ ሊወስዷት ነው። ሐኪሙ ምን ያድርግ? የሚያደርገውን ለሚያነበው ልተወው። አንድ ነገር ግን ልብ በሉልኝ፤ ደራሲዋ አብዮቱን በሰልፍና በመፈክር አልጀመረችውም። አንድ ሐኪም፣ አንድ አልጋ፣ አንዲት በሽተኛ፣ ከዚያ ማምለጫ የሌለው ውሳኔ። ታላቅ የታሪክ ወቅት በልቦለድ ውስጥ የሚያዘው በእንደዚህ ዓይነት ጠባብ በር ነው።

ሁለተኛውን ልቦለድ ለመጻፍ ከመጀመሪያው በኋላ 9 ዓመት ወሰደባት። በፉልብራይት የምርምር ዕድል ወደ ጣሊያን ሄደች፤ ቋንቋውን ተማረች፤ ቤተ መዛግብት ገባች። ለዓመታት የደከመችበትን ረቂቅም ጻፈች። ረቂቁ ታሪኩን አልሳተም፤ ዘመቻው፣ ቀኑ፣ ቦታው በየፈርጁ ተቀምጧል። ሰዎቹ ግን ሕይወት አልነበራቸውም። ወደ ጎን አደረገችው። እንደገና ከሀ ጀመረች።

የዚህን ክብደት የሚያውቅ የጻፈ ሰው ነው። ምርምር ታሪካዊ ልቦለድ የሚጽፍ ሁሉ የሚወድቅበት ወጥመድ ነው ብዬ አምናለሁ። ምርምሩ ደስ ይላል፤ ያገኙትን ሁሉ ማስገባት ያምራል፤ ገጸ ባሕርይው ሳይታወቅ መረጃ ተሸካሚ አህያ ይሆናል። ጣሊያን መረብን የተሻገረው መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. መሆኑን አንባቢ ከታሪክ መጽሐፍ ያገኘዋል። ከልቦለድ የሚፈልገው በዚያ ቀን አንዲት ገረድ ምን እያደረገች ነበር፣ ማን ተቆጥቷት ነበር፣ ሆዷ ውስጥ ምን ነበር የሚለውን ነው። የታተመውን መጽሐፍ ያነበበ፣ ምርምሩ አለመጣሉን፣ ወደ ውስጥ መስመጡን ያያል። የመርዙ ጢስ አለ፣ አውሮፕላኑ አለ፣ ገደሉ አለ፤ ሁሉም ግን የሚታየው በአንድ ሰው ዓይን ነው።

(አጭር የሙዚቃ መሸጋገሪያ)

ሌላው የመጽሐፉ ምንጭ ፎቶግራፍ ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ብንቆይ እወዳለሁ።

የጣሊያን ወታደሮች ወደ ኢትዮጵያ ሲመጡ ብዙዎቹ ካሜራ ይዘው ነበር። ፋሽስቱ መንግሥትም ሉቼ በተባለ ተቋሙ አማካይነት ወረራውን በፊልምና በፎቶ ያስቀርጽ ነበር። ወታደሩ ለእናቱ፣ ለእጮኛው፣ ለጓደኛው ይልካል፤ አልበም ውስጥ ይለጥፋል። ሞቶ አልበሙ ሲሸጥ ጣሊያን ከተሞች ውስጥ አሮጌ ዕቃ ከሚዘረጋባቸው ገበያዎች ይገኛል። መዓዛ እነዚህን ፎቶዎች ለዓመታት ስትገዛና ስትሰበስብ ቆየች። ከሰበሰበቻቸው ውስጥ የሴቶች ምስል ብዙ ነው። ብዙዎቹ ተገድደው የቆሙ ናቸው። ከጀርባው የተጻፈ ነገር ካለ ወታደሩ ቦታውን ወይም ቀኑን ነው የሚጽፈው፤ የሴቲቱን ስም አይጽፍም።

እንግዲህ ደራሲ እንዲህ ያለ ፎቶ ሲያይ ምን ያደርጋል? በመጀመሪያ ካሜራውን የያዘውን ሰው ይፈልገዋል። ጥላው መሬቱ ላይ ወድቋል ወይ? ሴቲቱ ዓይኗን ወደ ካሜራው ነው ያደረገችው ወይስ ከካሜራው ውጪ ወደ ቆመ ሌላ ሰው? እጇ ተጨብጧል ወይስ ተዘርግቷል? ልትነሳ ስትል የነበረችበትንና ከተነሳች በኋላ የሄደችበትን ፎቶው አያሳይም፤ ልቦለዱ የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው። በ«የጥላው ንጉሥ» ውስጥ «ፎቶ» የሚል ርእስ የያዙ አጫጭር ክፍሎች አሉ። ምስሉ አልታተመም፤ በቃላት ብቻ ነው የሚነገረን። አንባቢ እንደ ወታደሩ አፍጥጦ እንዳያይ ተከልክሏል። የሚያየው ደራሲዋ ያሳየችውን፣ ያውም ከሴቲቱ ወገን ሆና ያሳየችውን ነው። ይህን አሠራር ከመጽሐፉ ሁሉ አብልጬ እወደዋለሁ።

ፎቶ አንሺም ገጸ ባሕርይ ሆኗል። ኤቶሬ ናቫራ የሚባል ጣሊያናዊ ወታደር ነው፤ በአለቃው ትእዛዝ እስረኞችን ያነሳል፤ ሂሩትንም ያነሳታል። ኤቶሬ አይሁዳዊ ነው። እሱ ኢትዮጵያ ውስጥ ለጣሊያን ሲዋጋ፣ በ1938 እ.ኤ.አ. ሮም አይሁዶችን ከሥራ፣ ከትምህርትና ከመብት የሚያስወጣ የዘር ሕግ ታወጣለች። ስለዚህ ሌላውን ስም የለሽ የሚያደርገው ሰው ራሱ ከሀገሩ መዝገብ ሊሰረዝ ነው። ደራሲዋ ግን በዚህ ምክንያት በደሉን አላለዘበችለትም። የእሱ ሥጋት የሂሩትን ጠባሳ አይፍቅም። ሁለቱ በ1974 እ.ኤ.አ.፣ አብዮቱ በተቀጣጠለበት ዓመት፣ አዲስ አበባ ለገሃር ሊገናኙ ቀጠሮ አላቸው፤ ሂሩት ፎቶዎቹን በሣጥን ይዛ ነው የመጣችው። መጽሐፉ ከዚያ ይጀምርና ወደኋላ ይመለሳል።

ንባቡ ቀላል አይደለም፤ ይህን ልሸሽጋችሁ አልፈልግም። ንግግር በትእምርተ ጥቅስ አይለይም፤ ማን እንደተናገረ ከአነጋገሩ መለየት አለባችሁ። እንደ ጥንት ግሪኮች ተውኔት በአንድ ድምፅ የሚናገሩ የብዙኃን ክፍሎች አሉ፤ ለእኛ ለቅሶ ቤት እየተቀባበሉ የሚያወርዱ አልቃሾችን ያስታውሱናል። ጃንሆይ ብቻቸውን ሆነው «አይዳ» የተባለውን የቬርዲ ኦፔራ የሚሰሙባቸው ክፍሎችም አሉ፤ የግብፅ ምርኮኛ ስለሆነች ኢትዮጵያዊት ልዕልት፣ ጣሊያናዊ የደረሰው ሙዚቃ። ሐሳቡ ድንቅ ነው። ለእኔ ግን እነዚህ የንጉሡ ክፍሎች ከሂሩት ክፍሎች ጋር ሲነጻጸሩ ይቀዘቅዛሉ፤ ቶሎ አልፌ ወደ ተራራው መመለስ ያሰኘኛል።

አጫጭር ልቦለዶቿስ? አዲስ አበባን መቼት ያደረጉ 14 አጫጭር ልቦለዶችን የያዘ «አዲስ አበባ ኑዋር» የተባለ መድበል በ2020 እ.ኤ.አ. አዘጋጅታ አሳትማለች። አዳም ረታ፣ በዕውቀቱ ስዩም፣ ሌሊሳ ግርማ፣ ሱለይማን አዶንያ፣ ሜሮን ሃደሮና ሌሎችም ተሳትፈውበታል። ሀገር ቤት በአማርኛ የሚጽፈውና ውጪ ሆኖ በእንግሊዝኛ የሚጽፈው በአንድ ጥራዝ የተገናኙበት መሆኑ ብቻ ትልቅ ነገር ነው። የመዓዛ የራሷ ታሪክ በ2021 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የኤድጋርን የአጭር ልቦለድ ሽልማት አገኘ። ጉዳዩ የቀይ ሽብር ሰለባዎችን አፅም ከጅምላ መቃብር የማውጣት ሥራ ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. ለዚህ ሥራ የአርጀንቲና የአፅም ምርመራ ባለሙያዎች በእርግጥም ወደ ኢትዮጵያ መጥተው ነበር። እነሱም በሀገራቸው ወታደራዊ መንግሥት ያጠፋቸውን ወገኖቻቸውን ሲፈልጉ የኖሩ ናቸው።

አያችሁ፣ ጥያቄው ያው ነው። እዚያ ስም የሌለው ፎቶ፣ እዚህ ስም የሌለው አፅም። የሚለየው ልኩ ነው። ረጅሙ ልቦለድ የሂሩትን አርባ ዓመት ሊከተል ይችላል። አጭሩ ግን ጉድጓዱ የተከፈተበት ጊዜ ላይ ቆሞ፣ በዙሪያው የቆሙትን ሰዎች ፊት እያየ፣ ዘመኑን ሁሉ እዚያ ማስገባት አለበት።

አጭር ልቦለድ ምን ያህል በጥቂት ዕቃ መሥራት እንደሚችል ለማየት ከመድበሉ ጸሐፊዎች አንዷን፣ ሜሮን ሃደሮን ልጥራላችሁ። አዲስ አበባ ተወልዳ በጀርመን በኩል በስደት አሜሪካ የገባች ናት፤ በ2021 እ.ኤ.አ. የኬይን ሽልማትን ያገኘች የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት። «ሻንጣው» ልንለው የምንችል አንድ ታሪክ አላት። ሳባ የምትባል ወጣት አሜሪካ አድጋ አዲስ አበባን ልትጎበኝ መጥታለች፤ መመለሻዋ ደርሷል። ዘመድ አዝማድ ለየልጁ፣ ለየእህቱ የሚላክ ይዞ ይመጣል። አንዱ ሻንጣ የእሷ ነው፤ ሌላው የዘመዶቿ። ሚዛን ላይ ሲወጣ ክብደቱ ያልፋል። የማን ይውጣ? የማን እናት ዳቦ፣ የማን በርበሬ ይቅር? ይህን ያላየ ቤት በእኛ ዘንድ የለም፤ ዋሽንግተንም፣ ቴል አቪቭም፣ ዱባይም ያላችሁ አድማጮች ታውቁታላችሁ። ሜሮን ከዚያ ክፍል ብዙም አልወጣችም። ሚዛን፣ ሻንጣ፣ የሚከራከሩ ዘመዶች፤ የስደት ነገር ሁሉ ግን እዚያ ተመዝኗል።

ከየት እንጀምር ብላችሁ ለምትጠይቁኝ፣ የእኔ ምክር ከአጫጭሮቹ እንድትጀምሩ ነው። በመጀመሪያ የሻንጣውን ታሪክ፣ ቀጥሎ በመድበሉ ውስጥ ያለውን የመዓዛን፣ ከዚያ የሐኪሙን ልቦለድ፤ «የጥላው ንጉሥን» የመጨረሻ አድርጉት። ስታነቡት ደግሞ ወጥ ቤቷን አትለፏት። በኪዳኔና በአስቴር ቤት የምትሠራ፣ ከጦሩ ጋር የምትዘምት፣ ቁስለኛ የምታስታምም ሴት ናት፤ ደራሲዋ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ወጥ ቤቷ ብቻ እያለች ነው የምትጠራት። ይህ ለምን እንደሆነ የመሰላችሁን ጻፉልን፤ በሚቀጥለው ሳምንት በዚሁ ሰዓት ከደብዳቤዎቻችሁ እናነባለን።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)